የአማርኛ ረቂቃችንን በምን መልክ እንላክላችሁ?

ይድረስ፦ በየዩኒቨርሲቲው ላላችሁ የምርምርና ኅትመት ክፍሎች፣ የምሁራንን መጻሕፍት ለምታሳትሙም ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአማርኛ ረቂቅ አዘገጃጀት መመሪያ እንዲወጣልን ስለመጠየቅ

ሰላምታዬ ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

እኔ የመጽሐፍ አርታኢ ነኝ። ቢሮ የለኝም። ሰው ረቂቁን በፍላሽ ይዞ ቤቴ ድረስ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ፍላሹ ይሰካል፣ ቫይረሱ ይጸዳል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። ከደንበኞቼ አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ናቸው። ዓመታት የለፉበትን ጥናት መጽሐፍ ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። ወደ እኔ የሚመጡት ግን ብዙ ጊዜ ከእናንተ ዘንድ ተመልሰው ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ የታሪክ መምህር መጣ። የሦስተኛ ዲግሪ ሥራውን መጽሐፍ አድርጎ ለአንድ የኅትመት ክፍል አስገብቶ ነበር። የክፍሉን ስም አልጠራም፤ ክስ አይደለም የምጽፈው። ረቂቁን በሁለት ኮፒ አሳትሞ፣ ስፓይራል አስጠርዞ፣ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ደብዳቤ አያይዞ ነው የሄደው። ሪከርድ ክፍል ቁጥር ሰጠው። ከዚያ 14 ወር ጠበቀ። መልሱ ሲመጣ አንድ መስመር ነው፦ «ፎርማቱ ስላልተስተካከለ ተስተካክሎ ይቅረብ»።

ደወለ። የትኛው ፎርማት? «ስታንዳርዱ» አሉት። ስታንዳርዱ የት ይገኛል? «ኢንተርኔት ላይ አለ።»

እውነትም አለ። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር ያወጣው፣ ኤፒኤ የምንለው መመሪያ ነው ያገኘው። ሰውዬው ታዛዥ ነው። ሁለት ወር ቁጭ ብሎ ረቂቁን ከላይ እስከ ታች በዚያ መመሪያ ቀየረው። ቤቴ ሲመጣ የዋቢ መጻሕፍቱን ዝርዝር ከፈትኩት። «ዘውዴ፣ ባ.» ይላል። ከፍ ሲል «ታምራት፣ ታ.»። ትንሽ ቆይቼ ነው የገባኝ። ባሕሩ ዘውዴና ታደሰ ታምራት ናቸው። ሁለቱ የታሪክ ምሁራን በአባቶቻቸው ስም ተጠርተው፣ የራሳቸው ስም ወደ አንዲት ፊደል ተቆርጦ ቀርቷል።

እንግዲህ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይ ይኼ ነው። «አስተካክል» ትሉናላችሁ። ወደ ምን እንደምናስተካክል ግን አልነገራችሁንም። የሰው አገር መመሪያ ስንከተል ደግሞ የራሳችን ስም፣ የራሳችን ዘመን፣ የራሳችን ፊደል ይበላሻል።

ከስሙ ልጀምር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባት ስም የአባት ነው። ባሕሩ ቢባል እሱ ነው፣ ዘውዴ ቢባል አባቱ ናቸው። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል፤ ግን ከየክፍሉ የሚወጡትን ጆርናሎች አገላብጡ። በአንዱ ዕትም ባሕሩ ከ«በ» ሥር ይገኛል፣ በሚቀጥለው ከ«ዘ» ሥር። የመስፍን ወልደ ማርያም ስም ሲደርስማ ሌላ ጉድ ነው። «ወልደ» እና «ማርያም» ተለያይተው ከተጻፉ የውጭ አገር አርታኢ የመጨረሻውን ቃል ያነሣና «ማርያም፣ መ.ወ.» ይለዋል። እመቤታችንን የጂኦግራፊ ፕሮፌሰር ያደርጋታል ማለት ነው።

መፍትሔው እኮ አዲስ ግኝት አይደለም። ኢንሳይክሎፒዲያ ኢቲዮፒካ ጀርመን አገር ነው የታተመው፣ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ.፣ በአምስት ጥራዝ። እዚያ ሐበሻ የሚፈለገው በራሱ ስም ነው። የሃምቡርግ ሰዎች ያከበሩትን እኛ ስድስት ኪሎ አካባቢ ስንገለብጠው ትንሽ ያሳፍራል። ስለዚህ መመሪያችሁ ላይ አንድ መስመር ጻፉልን፦ ኢትዮጵያዊ ጸሐፊ በመጀመሪያ ስሙ ይደረደራል፣ የአባት ስሙ በሙሉ ይከተላል፣ በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ አይገባም። ሁለተኛ መስመር ደግሞ «ወልደ ማርያም»፣ «ገብረ ሥላሴ»፣ «ኃይለ ሚካኤል» የመሳሰሉት ይያያዙ ወይስ ይለያዩ የሚለውን ይወስን። እኔ መለያየቱን እመርጣለሁ። እናንተ ማያያዝ ብትመርጡ አልጣላችሁም። ዋናው አንዱ መመረጡ ነው።

የሚከብደውም አለ፣ አልክድም። አሜሪካ ያደገ ሐበሻ የአያቱን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዞ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እዚያ የሚታወቀው በአያቱ ስም ነው። ይኸው ሰው በአማርኛ መጽሐፍ ሲጠቀስ በምን ይደርደር? የእኔ ልማድ ጸሐፊው ራሱ መጽሐፉ ሽፋን ላይ እንዳሰፈረው ሁሉን ጽፎ፣ በራሱ ስም ደርድሮ፣ በሌላኛው ስም ለሚፈልገው አንባቢ ደግሞ «ይመልከቱ» የሚል መጠቆሚያ ማስገባት ነው። የተሻለ ካላችሁ ንገሩን።

ከስሙ የባሰው ዘመኑ ነው።

የመምህሩ ረቂቅ ውስጥ አብዮቱ በየካቲት 1966 ይፈነዳል፤ ትክክል ነው። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከሥልጣን ይወርዳሉ፤ ይህም ትክክል ነው። ከጎኑ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር ሲያስቀምጠው አንዱን 1974፣ ሌላውን 1975 ብሎታል። ስምንት ደምሮ ነው። ሁለቱም 1974 ናቸው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ነው፤ ስምንት የሚሆነው ፈረንጆቹ ጃንዋሪ ሲገቡ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ስንጽፍ ግን እጃችን ስምንት ይደምራል።

መጽሐፍ ሲጠቀስ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሽፋኑ ላይ «1967» ብቻ ከተባለ ወሩን አናውቅም። ስለዚህ 1974 ነው ወይም 1975 ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። በሁለቱ መካከል እዝባር አግብቶ 1974/75 ማለት ነው ያለው አማራጭ። በጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ «አስፋው 1995» ተብሎ ሲጠቀስስ? የኛ 1995 ነው የእነሱ? የስምንት ዓመት ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ነገር አይደለም፤ መንግሥት የሚለወጥበት ጊዜ ነው። እኔ ለደንበኞቼ የማደርገው እንዲህ ነው። የመጽሐፉ ዋና ዘመን ዓመተ ምሕረት ይሆናል፣ ይኸውም መግቢያው ላይ አንዴ ይነገራል፣ ከዚያ ወዲያ እ.ኤ.አ. የሚለው የውጭው ዘመን በተጠቀሰበት ሁሉ ይደገማል። አሰልቺ ነው። ግን አንባቢን አያሳስትም።

አሁን ወደ ፊደል ልለፍ። ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ክርክር ልከፍት አይደለም። ያን ክርክር የከፈተ ሰው እራት ሳይበላ ያድራል። በግዕዙ «ሠረቀ» ወጣ ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ የሌባ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን የሚጠብቁትን ሰዎች አከብራለሁ። ፊደሉ ይቀነስ የሚሉትንም ምክንያታቸውን እሰማለሁ። የኔ ችግር ሌላ ነው። አንድ ረቂቅ ውስጥ ያው ሰውዬ ገጽ 12 ላይ «ሀይሌ»፣ ገጽ 80 ላይ «ሃይሌ»፣ ገጽ 203 ላይ «ኃይሌ» ሆኖ አገኘዋለሁ። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስሞች ከነገጻቸው የሚዘረዘሩበት የመጠቁም ገጽ ሲሠራ ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርገዋል። ሁለቱን መጀመሪያው ላይ ያስቀምጣቸዋል። ሦስተኛውን ከ«ቸ» አሳልፎ ከ«ነ» በፊት ይወረውረዋል። አንባቢው አንዱን ያገኝና ሌሎቹን ሁለት ሳያይ መጽሐፉን ይዘጋል።

ለዚህ መድኃኒቱ አንዲት ወረቀት ናት። ጸሐፊው ገና ሲጀምር በረቂቁ ውስጥ የሚደጋገሙትን ስሞችና ቃላት ይዘረዝርና እያንዳንዱን እንዴት እንደሚጽፈው ይወስናል። «ኃይሌ»፣ «ሥልጣን»፣ «ዓመት»፣ «ፀሐይ»። ያቺን ወረቀት ከረቂቁ ጋር አያይዞ ይልካል። አርታኢም ገምጋሚም ገጽ አቀናባሪም በእሷ ይሄዳሉ። ከጥንት ሰነድ ቃል በቃል የተጠቀሰ ከሆነ ብቻ ሰነዱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ አይታረምም። እናንተ ከመመሪያችሁ ጋር ሃምሳ ቃል ያላት የናሙና ወረቀት ብታወጡልን ግማሽ መንገድ ወሰዳችሁን ማለት ነው።

አራት ነጥብን በተመለከተም አቤቱታ አለኝ። አራት ነጥብ አንድ ምልክት ናት፦ «።»። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ «፡፡» ይጽፋል። ለዓይን ያው ነው። መስመሩ ሲያልቅ ግን አንዷ እላይ ትቀርና አንዷ ወደ ታች ወርዳ የሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ የሚመታም አለ። 300 ገጽ ላይ ይህን መልቀም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የገጽ አቀናባሪዎቻችሁን ጠይቁ። ጸሐፊው ከመላኩ በፊት «ፈልግና ተካ» በሚለው ትእዛዝ በአንድ ደቂቃ ያስተካክለዋል። ንገሩት እንጂ ያደርገዋል።

ፎንትም አለ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ እውነቱን ለመናገር ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ ነው የጻፍነው። ያን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት ፊደሉ የላቲን ገለባ ይሆናል። ዛሬም ሃያ ዓመት የቆየ ምዕራፍ በዚያ ፎንት፣ አዲሱን ምዕራፍ በዩኒኮድ ጽፈው ሁለቱን በአንድ ፋይል አጣብቀው የሚልኩ አሉ። ረቂቅ ሁሉ በዩኒኮድ ይሁን፣ ፎንቱም አንድ ይሁን በሉ። አቢሲኒካም ይሁን ኒያላ ግድ የለም፤ መጨረሻ ላይ የእናንተ ሰው ይቀይረዋል። ጸሐፊው በቀለምና በሣጥን አስጊጦ መላኩ ትርፉ ድካም ነው። ያን ሁሉ ጌጥ አቀናባሪው አንድ በአንድ ያራግፈዋል።

የግርጌ ማስታወሻ ላይ ደግሞ «ምንጩ ከላይ የተጠቀሰው ራሱ ነው» ለማለት የምንጽፋት፣ «ዝኒ ከማሁ» የምትባል ውብ የግዕዝ ሐረግ አለችን። እወዳታለሁ። ግን ረቂቅ ገና እየተቆረጠና እየተቀጠለ ሳለ አደገኛ ናት። በመካከል አንድ አንቀጽ ስታስገቡ አዲስ ማስታወሻ ይገባል፣ «ዝኒ ከማሁ» ዞር ብላ የማታውቀውን መጽሐፍ ትጠቁማለች። በመምህሩ ረቂቅ አንድ የጣሊያን መንገደኛ እሱ ከሞተ በኋላ ለተጻፈ የአውራጃ ደብዳቤ ምንጭ ሆኖ ነበር። ረቂቅ ላይ አጭር ርዕስና ገጽ ይጻፍ፤ ዝኒ ከማሁ መጨረሻ ላይ ትግባ፣ ወይም ጭራሽ ትቅር።

እስካሁን ስለ እናንተ ነው ያወራሁት። ፍርድ እንዳላጓድል ወደ እኛም ወገን ልምጣ።

ረቂቅ ብለን የምንልክላችሁ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፣ ሽፋኑ ብቻ የተቀየረ። ስከፍተው የመጀመሪያው ገጽ «የጥናቱ ዳራ» ይላል። ቀጥሎ «የችግሩ ማብራሪያ»፣ «የጥናቱ ዓላማ»፣ «የጥናቱ ጠቀሜታ»፣ «የጥናቱ ወሰን»። ከዚያ «የጥናቱ ውስንነት» ይመጣና ጸሐፊው ጊዜና ገንዘብ እንዳጠረው ይናዘዛል። ብሩን ከፍሎ መጽሐፍ የገዛ ሰው ጸሐፊው ገንዘብ እንዳጠረው መስማት አይፈልግም። እሱም አጥሮታል።

ምዕራፍ ሁለት «ክለሳ ድርሳናት» ነው። ስልሳ ገጽ። እገሌ እንዲህ ይላል፣ እገሊት በበኩሏ እንዲህ ትላለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለቱም ይለያል። ለመመረቂያ ይህ የግድ ነው። ፈታኞቹ ጸሐፊው ማንበቡን ማየት አለባቸው። የመጽሐፍ አንባቢ ግን ማንበቡን አምኖ ነው መጽሐፉን የገዛው። ሊያውቅ የሚፈልገው ጸሐፊው ራሱ ምን እንዳገኘ ነው። ከስልሳው ገጽ አምስቱ የጸሐፊውን ክርክር ይይዛል። አሥሩ በየምዕራፉ የግርጌ ማስታወሻ ይሆናል። የቀረው ይሰናበታል።

ይህን ስል ሰው ይከፋዋል። መምህሩም ተከፍቶ ነበር። ያ ክለሳ ስንት ሌሊት እንደፈጀበት ነገረኝ። አምነዋለሁ። ግን የእሱ ረቂቅ ስለ አንዲት የገበያ ከተማ ነው፣ ምርጡ ቦታ ደግሞ ገጽ 140 ላይ ተቀብሮ ነበር። አንድ የነጋዴ ልጅ፣ አሁን አዛውንት፣ አባታቸው ከሩቅ ገበያ ሲመለሱ የበቅሏቸው ኮቴ ከበር ላይ ሲሰማ ቤቱ እንዴት እንደሚተራመስ ይናገራሉ። ማን ውኃ እንደሚያሞቅ፣ ማን ኮርቻ እንደሚያወርድ፣ ማን ብሩን እንደሚቆጥር። በዚያ አንድ ገጽ ውስጥ የንግዱ ሥርዓት፣ የቤቱ የሥራ ክፍፍል፣ ብድሩና ዕዳው ሁሉ አለ። ወደ ገጽ 1 እናምጣው አልኩት።

«አማካሪዬ ምን ይለኛል?» አለኝ።

ከተመረቀ አራት ዓመቱ ነው።

ይህ ፍርሃት ብዙ ነገር ያስረዳል። ጸሐፊው በሐሳቡ አሁንም ፈታኞች ፊት ቆሟል። «አጥኚው እንዳመለከተው» ይላል፣ አጥኚው ራሱ ሆኖ ሳለ። «በዚህ ምዕራፍ እንመለከታለን» ብሎ ይጀምራል፣ «በዚህ ምዕራፍ እንደተመለከትነው» ብሎ ይጨርሳል፣ የሚቀጥለውን «ባለፈው ምዕራፍ እንዳየነው» ብሎ ይከፍታል። ንዑስ ርዕሱ 2.3.1.4 ድረስ ይወርዳል። እነዚህን ብቻ ስናነሣ ረቂቁ ከ410 ገጽ ወደ 290 ወረደ። ሐሳብ አልጠፋም።

እንግዲህ በመመሪያችሁ ላይ «የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ አንቀበልም» የምትል ዐረፍተ ነገር ጨምሩ። ጸሐፊው ከአማካሪው ፍርሃት የሚድነው ሌላ ባለሥልጣን ሲያዘው ነው።

ስለ አቀባበላችሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ውጭ አገር ያሉ የምሁራን አሳታሚዎች አብዛኞቹ በመጀመሪያ ሙሉ ረቂቅ አይጠይቁም። ፕሮፖዛል ነው የሚሉት። መጽሐፉ ስለ ምንድነው፣ ማን ያነበዋል፣ እያንዳንዱ ምዕራፍ በአንድ አንቀጽ ምን ይላል፣ የሚመስሉት መጻሕፍት የትኞቹ ናቸው፣ ከእነሱ በምን ይለያል፣ ስንት ቃል፣ ስንት ሥዕልና ካርታ አለው፣ መቼ ያልቃል። ከዚያ ናሙና አንድ ወይም ሁለት ምዕራፍ። በዚህ ብቻ «አይሆነንም» ወይም «ቀጥል» ይላሉ። ሙሉው ረቂቅ ወደ ገምጋሚ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ፕሮፖዛሉን ለብዙዎች በአንድ ጊዜ መላክ ብዙ ጊዜ ነውር የለውም። ሙሉውን ረቂቅ ግን አንዱ እየገመገመው ሳለ ለሌላው ማቀበል ያስቀይማል። መምህሩ በዚህ መንገድ ቢሄድ ኖሮ 14 ወር ቀርቶ በሁለት ወር እርሙን ባወጣ ነበር። እናንተም ሁለት ጥራዝ ስፓይራል መደርደሪያ ላይ አታቆዩም ነበር።

«ስንት ቃል» ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የእንግሊዝኛው አሳታሚ ከ80,000 እስከ 100,000 ቃል ይላል፣ ማስታወሻውን ጨምሮ። እኛስ? «ስላልነገርኳችሁ» በአማርኛ አንድ ቃል ነው፤ እንግሊዝኛው ስድስት ይፈጅበታል። የእነሱን ልክ ለአማርኛ ብትለጥፉት መጽሐፉ ጡብ ይሆናል። የኛን ልክ ቆርጣችሁ ንገሩን። በአማርኛ የምታሳትሙ እናንተ ስለሆናችሁ ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለም።

ግምገማው በስውር ከሆነ እሱንም ንገሩን። ስም ከሽፋኑ ማውጣት ብቻ አይበቃም። የምስጋናው ገጽ ሚስቱንና ጓደኞቹን ሁሉ ይዘረዝራል። የዎርዱ ፋይል ውስጥም የጸሐፊው ስም ተደብቆ ይቀመጣል። እርግጥ በኛ ሰፈር ሦስት ገጽ ያነበበ ገምጋሚ ማን እንደጻፈው ያውቃል። ቢሆንም ወጉ ይጠበቅ።

ፎቶዎቹን በአጭሩ ልበል። ሥዕል በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ይፈለጋል። ይህ ማለት 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ፎቶ ወደ 1,417 ፒክስል ማለት ነው። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው፤ እንደ ፋይል ይላክ። ዎርድ ውስጥም አይለጠፍ፤ ለብቻው በአቃፊ ይቀመጥ፣ ጽሑፉ ውስጥ «ሥዕል 3 እዚህ» ይባል።

ፈቃድ ግን በአጭሩ አይታለፍም። «ከኢንተርኔት የተወሰደ» ምንጭ አይደለም። የቅጂ መብት አዋጃችን ቁጥር 410/1996 ነው። የደራሲ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። አንድ ደንበኛዬ የአንድን ገጣሚ ሙሉ ግጥም ምዕራፉ መግቢያ ላይ አስቀምጦ ነበር። ወራሾቹ የሚኖሩት ከእሱ ሁለት መንገድ ማዶ ነው። ሄዶ ጠየቃቸው። ደስ ብሏቸው ፈረሙለት፣ ምሳም አበሉት። ሳይጠይቃቸው ቢያትም ኖሮ ምሳው በጠበቃ በኩል ይሆን ነበር። ፎቶ ሰጥቶን አልበሙን የከፈተልንን ቤተሰብም እንዲሁ አንዲት ወረቀት እናስፈርም። የፈቃድ ቅጹን እናንተ አዘጋጁልን፣ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ።

እናንተ ስትዘገዩ የሚፈጥኑ አሳታሚ ነን ባዮች ስላሉም ነው ይህን የምጽፈው። አንድ ልጅ ከተመረቀ በወሩ ኢሜይል ይደርሰዋል። «ድንቅ ሥራዎን አይተነዋል፣ ልናሳትመው እንወዳለን።» አላዩትም። ርዕሱን ነው ያዩት። ሳያርሙ፣ ሳያስገመግሙ፣ የፊደል ስሕተቱን እንኳ ሳይነኩ ሽፋን አልብሰው በውድ ዋጋ ይለጥፉታል። አይኤስቢኤን ስላለው ልጁ ይረካል። ቁጥሩ እኮ መጽሐፉን ከሌላው ለመለየት ነው። የኛም አገር አለው፣ በ978-99944 ይጀምራል። ስለ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። ሌላው ደግሞ ቀጥታ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ማተሚያ ቤት አታሚ ነው፣ አሳታሚ አይደለም። ብር ከሰጣችሁት የሠርግ ጥሪም ያትማል፣ የዶክትሬት ሥራም ያትማል። «ይህ ምዕራፍ አልበሰለም» የሚል ሰው በመካከል የለም። ያን የምትሉ እናንተ ነበራችሁ።

እንዲህ ስላችሁ ችግራችሁ አይታየኝም ማለት አይደለም። የወረቀት ዋጋ አውቃለሁ። ገምጋሚ በነጻ አንብብ ሲባል ስልኩን እንደሚዘጋ አውቃለሁ። አንዳንዱ ክፍል ሁለት ሠራተኛ ብቻ እንዳለው፣ አንደኛው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። የምጠይቀው በጀት የሚፈልግ አይደለም። አራት ገጽ መመሪያ ነው። ስለ ስም፣ ስለ ዘመን፣ ስለ ፊደል፣ ስለ ማስታወሻ፣ ስለ ርዝመት፣ ስለ ፈቃድ። በየድረ ገጻችሁ ይለጠፍ። ድረ ገጹ ካልሠራ ሪከርድ ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ረቂቅ ስትቀበሉ በስንት ወር መልስ እንደምትሰጡ ጻፉበት። ስድስት ወር ከሆነ ስድስት ወር በሉ። ሰው የሚቃጠለው ሲረዝምበት ብቻ አይደለም፣ መቼ እንደሚያልቅ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ስትመልሱም የገምጋሚውን አስተያየት አያይዙ፣ ቢመርም።

ሁሉም ክፍሎች ተስማምተው አንድ መመሪያ ቢያወጡ ሠርጌ ነው። ካልተስማማችሁም አንዳችሁ ጀምሩ፣ ሌላው ይቀዳል። ለመመሪያው መነሻ የሚሆን ረቂቅ እጄ ላይ አለ። ላለፉት ዓመታት ለደንበኞቼ እያሻሻልኩ የምሰጣት የስድስት ገጽ ወረቀት ናት። የፈለገ ክፍል ካለ በነጻ እሰጣለሁ፣ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ቀይሩት፣ በስማችሁ አውጡት።

የመምህሩ ረቂቅ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ባሕሩ ወደ «በ» ተመልሷል። ንጉሡ በ1974 እ.ኤ.አ. ወርደዋል። በቅሏ ገጽ 1 ላይ ቆማለች። የቀረን ለማን፣ በምን መልክ እንደምንልከው ማወቅ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ቡና የሚያፈላው አርታኢ

ግልባጭ፦
ለመምህሩ
ለመምህሩ አማካሪ (ለመረጃ ያህል ብቻ)